ማሽላው ገል ውስጥ ነው

በ1989 እ.ኤ.አ. የገሊላ ባሕር ውኃ ሲሸሽ ከዳርቻው ከ23 ሺህ ዓመት በፊት የተተዉ የጎጆ ወለሎች ብቅ አሉ። ቦታው ኦሃሎ 2 ይባላል። ጎጆዎቹ ተቃጥለው ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ስለሸፈናቸው የከሰለው የዱር ገብስ ፍሬ እንኳ ሳይበሰብስ ቆየ።

የመተማ ቆላ እንዲህ ያለ ደግ ሐይቅ የለውም። ክረምት የሞላው ወንዝ በጋ ላይ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ሽንፋ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሰዎች ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከእነዚህ ኩሬዎች ዓሣ እየያዙ ይበሉ እንደነበር የተረፈው አጥንት ይመሰክራል። የእህሉን ነገር የፈለገ ግን የጓንግን ወንዝ ተከትሎ ቁልቁል መውረድ አለበት።

ጓንግ ሱዳን ሲገባ ስሙ አትባራ ነው። እዚያ፣ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ኬጂ 23 የሚባል ጥንታዊ መንደር አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 እስከ 3000 ባለው ጊዜ ሰው ኖሮበታል። የተገኘው የማሽላ ማስረጃ ግን ፍሬ አይደለም፤ የተሰባበረ ሸክላ ነው።

ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን የሚያቦኩት ገለባ ቀላቅለው ነበር። (የጭቃ ቤት የመረገ ሰው ጭድ ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል።) ሸክላው ሲተኮስ ገለባው ነደደ፤ የተኛበት ጎድጓዳ ግን ቅርጹን እንደያዘ ቀረ። ተመራማሪዎች ጎድጓዳው ውስጥ ሲሊኮን ሞልተው፣ የጠነከረውን ቅርጽ አውጥተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት።

የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ገለባው ከማሽላው ዘለላ የተለየበትን ጫፍ። የዱር ማሽላ ሲደርስ በራሱ ይረግፋል፤ የተላቀቀበትም ቦታ ልሙጥ ነው። ገበሬ የሚዘራው ማሽላ ግን ቆርጠው እስኪወቁት ድረስ አይረግፍም፤ በዱላ ተገንጥሎ ስለሚወጣ ጫፉ ሻካራ ነው። ገሎቹ ላይ ሁለቱም ዓይነት ተገኘ። እኔን የማረከኝ ይኼ ቅልቅል ነው፤ ማሽላው ገና ዱሩን እየለቀቀ ሳለ ተያዘ ማለት ነውና።

ፍራንክ ዊንቸል፣ ዶሪያን ፉለርና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በ2017 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ እንቆቅልሽ ነበር፤ ማሽላ የአፍሪካ እህል ሆኖ ሳለ፣ የለማው ማሽላ ጥንታዊ ማስረጃ ይበልጥ የሚታወቀው ከህንድ ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መተማ አውድማ ዳር የወደቀ የማሽላ ገለባ አንስቶ ጫፉን በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ያንኑ ሻካራ ስብራት ያገኘዋል።