ደራርቱ ቱሉ ለታናናሾቿ ያወረሰችው

ዘመቻ ሰሎሞን ከተፈጸመ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት እንዳለፈው፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ አንዲት የ20 ዓመት የአርሲ ልጅ የ10,000 ሜትር ሩጫ አሸነፈች። አትሌት ደራርቱ ቱሉ ነበረች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ነበረች፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሎምፒክ ርቃ ከቆየች በኋላ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነው። ደራርቱ ከድሏ በኋላ ኤላናን ጠበቀቻትና ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በዕድሜ የገፋን አንባቢያን ይህን አንረሳውም። ልጆቻችን ግን ስሟን እንኳ ያልሰሙ አሉና እናንሣላቸው ብለናል።

በ1998 ልጅ ወለደች። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው አበቃላት ብሎ ነበር ብንል አናጋንንም። በ2000 ግን በሲድኒ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። በ2009ም በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

ከሜዳሊያዎቿ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ከኋላዋ የመጡት ናቸው። የተወለደችበት በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፣ አየሯ ቀዝቃዛ የሆነ ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ የትምህርት ቤት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ጥሩነሽና እኅቶቿ እጅጋየሁና ገንዘቤ ለደራርቱ ዘመዶች ናቸው። ከብት ስትጠብቅ ያደገች ዘመዳቸው በዓለም ፊት ቆማ ስትሸለም ያዩ ልጆች፣ ሩጫ ለሴት ልጅ የሚሆን ነገር ነው ወይ ብለው የሚጠይቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ጥሩነሽ በ2008 በቤጂንግ 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈች። ገንዘቤ በ2015 በ1,500 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች።

በ2004 በአቴንስ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። በ10,000 ሜትር ቻይናዊቷ ሺንግ ሁይና አንደኛ፣ እጅጋየሁ ሁለተኛ፣ ደራርቱ ሦስተኛ ሆኑ። ታናሿ ታላቋን ቀድማ ገባች ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ የወርቅ ሜዳሊያዎቿ ይህ ነሐስ አያንስም።

በዚያው በአቴንስ ማራቶን ለእስራኤል የሮጠው የእኛው አየለ ሰጠኝ ነበር። በወረቀት ዕድሜው 49 ዓመት ሆኖ ሳለ 20ኛ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በቤጂንግ እንደገና ሮጠ። ብዙ አባቶች በዚያ ዕድሜ ጉልበቴን እያሉ ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ማሩ ተፈሪ መጣ። በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን በመጨረሻው ላይ ኢትዮጵያዊውን ልዑል ገብረሥላሴን ቀድሞ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ባለቤቱ ሰላማዊት ተፈሪም በቶኪዮ ኦሎምፒክ እስራኤልን ወክላ ሮጣለች።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቶች ልጆቻችን የት አሉ? ለእስራኤል ከሮጡት የማኅበረሰባችን ልጆች ውስጥ የወንዶቹ ስም ይበዛል። እኛ ነታንያውያን ደግሞ የቦታ ችግር አለብን ማለት አንችልም። ዊንጌት የስፖርት ተቋም ከከተማችን በስተደቡብ ቅርብ ነው። ስሙም የተወሰደው በ1941 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ከገባው እንግሊዛዊ መኮንን ሲሆን፣ ወላጆች በአዲስ አበባ ካለው የዊንጌት ትምህርት ቤት ያውቁታል።

ወላጆች ሩጫ ትምህርቷን ያሰናክልባታል ብላችሁ መስጋታችሁ ይገባናል። ማታ ብቻዋን መመለሷም ያሳስባል። ይሁን እንጂ ወንድሟ ለእግር ኳስ ሲወጣ ይህ ጥያቄ ሲነሣ አንሰማም። ታናናሾቿን እንድትጠብቅ፣ ቤት እንድታጸዳ የምትቀረው እርሷ ናት። ትምህርቷን የሚጎዳውም ከልምምዱ ይልቅ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ ልሩጥ ካለች መጀመሪያ ወደ ማትናስ ሄዳችሁ የአትሌቲክስ ክፍል የት እንዳለ ጠይቁ። ለውድድር ስትመዘገብ የሐኪም ምርመራ ወረቀት ይጠየቃል። ቅጹ በዕብራይስጥ ስለሆነ ካልገባችሁ ሳትፈርሙ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ደግሞ አብራችኋት ሂዱ፤ አሠልጣኙንም በስም እወቁት።