ይወልቃል ተብሎ የሚተው ጥርስ

አዲስ አበባ ውስጥ ጀሞም ሆነ ለቡ፣ መካኒሳም ሆነ ጎፋ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው ሌሊቱን ያውቀዋል። የአምስት ዓመት ልጅ ጉንጩን ይዞ ያለቅሳል፤ እናቱ ቅርንፉድ አድቅቃ ጥርሱ ላይ ታደርግለታለች። ሲነጋ ጎረቤት «የወተት ጥርስ አይደል? ራሱ ይወልቃል» ብላ ታጽናናለች። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ማጽናኛ ነው።

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የፊቶቹ በ6 ዓመት ገደማ መውለቅ ይጀምራሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ልጁ የሚያኝክባቸው ናቸው። ሽፋናቸው ስስ ስለሆነ ትንሿ ቀዳዳ ፈጥና ነርቩ ዘንድ ትደርሳለች። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይጠፋል፤ ተሻለው ብለን እፎይ የምንለውም ያኔ ነው። መግሉ ግን ወደ ሥሩ ወርዶ ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ያወጣል። ከሥር ገና እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስም ሽፋኑን ሊያበላሽበት ይችላል።

ሕክምናው እንደ ጉዳቱ ጥልቀት ይለያያል። የተጎዳው የላይኛው ነርቭ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ አደንዝዞ እሱን ያወጣል፤ የሥሩን ጤነኛ ነርቭ በመድኃኒት ሸፍኖ ያተርፋል። ነርቩ እስከ ሥሩ ከሞተ ደግሞ የሥሩ ቦይ ተጠርጎ ከሥሩ ጋር አብሮ እየሟሟ በሚሄድ ለስላሳ መድኃኒት ይሞላል። አንዱ ዓይነት የሚሠራው ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ዩጂኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተለውሶ ነው። የእናት ቅርንፉድ ሕመሙን ብቻ ያስታግሳል፤ ይሄኛው የሚገባው በሽታው ከተጠረገ በኋላ ነው። መንጋጋ ከሆነ ክራውን የሚሉት የብረት ሽፋን ይደረግለታል፤ ጥርሱ ጊዜው ደርሶ ሲወልቅ አብሮት ይወልቃል። መዳን የማይችል ጥርስ ይነቀላል፤ ያለጊዜው ለተነቀለ መንጋጋ ግን ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ እንዳይጋደሙ ቦታ የሚጠብቅ ሽቦ ሊያስፈልግ ይችላል።

አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም። የሞተ ነርቭ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም፤ እብጠቱ ቢጎድልም ምንጩ እዚያው ነው። የልጁ ፊት ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

የወተት ጥርስ ሳይበቅል የሚጠፋበት ልማድም አለ፤ የተቅማጥና የትኩሳት መድኃኒት ነው ተብሎ የሕፃን ድድ ተፈልፍሎ «ግግ» ይወጣል። የሚወጣው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው፤ ሕፃኑን የሚያድነው ጤና ጣቢያ ነው።

እናም ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ጠዋት «ተሻለኝ» ሲል አፉን አስከፍታችሁ ድዱን እዩለት።