ፎርክሊፍት፣ ዕድልና ዝምታ

አሜሪካ ከምንኖር ወገኖች ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው ከዌርሃውስ ነው። እኔም ለዓመታት ፎርክሊፍት ነድቻለሁ። ሰው ሲጎዳ «ምን ይደረግ፣ ዕድሉ ነው» ሲባል ሁልጊዜ እሰማለሁ። እኔ ግን ዕድል ነው አልልም። አደጋው ከማሽኑ አሠራር የሚመጣ፣ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው።

እስቲ ላስረዳ። የተለመደው ፎርክሊፍት 4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ከቤት መኪና እጥፍ በላይ ማለት ነው። የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ስለሆነ ሲዞር ጀርባው ወደ ውጭ ይወጣል፤ አጠገቡ የቆመን ሰው ከመደርደሪያው ጋር የሚያጣብቀውም ይኸው ነው። ዕቃ ወደ ላይ አንስቶ መታጠፍ ደግሞ ሚዛን ያስታል። ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ሲገለበጥ ደመ ነፍስ «ዝለል!» ይላል፤ የዘለለውን ግን የማሽኑ ጣሪያ ይደፍቀዋል። መዳኛው ቀበቶ አስሮ፣ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ማዘንበል ነው።

ይህን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው። ኦሻ የሚባለው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ሹፌሩ በትምህርትም በተግባርም መሠልጠን፣ ቢያንስ በየ3 ዓመቱም መመዘን አለበት። ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት። ቪዲዮ አሳይቶ ማስፈረም ብቻውን ሥልጠና አይባልም።

ከተጎዱ በኋላስ? ብዙው ወገን «ሥራዬን አጣለሁ» ብሎ ሕመሙን ውጦ ዝም ይላል። ወርከርስ ኮምፐንሴሽን የሚባለው የጉዳት ካሣ ግን በጥቅሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቀኑን ነው። ለምሳሌ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በቨርጂኒያ፣ ጉዳቱን ለአሠሪው በ30 ቀን፣ የካሣውን ጥያቄ ለኮሚሽኑ በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል። ካሣው ሕክምናን ይሸፍናል፤ ከሥራ ለቀረ ሰውም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከአማካይ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛውን ይከፍላል። ጉዳቱን በማሳወቁ የተባረረ ሠራተኛ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ለኦሻ አቤት ማለት ይችላል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጉዳት ከደረሰባችሁ በዚያው ዕለት ለሱፐርቫይዘራችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውን ያዙ፤ ለሐኪሙም ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ቸር ያሰማን።