ለተማሪ ቤት የኅብረት ዝማሬ ስለሚመረጥ ዜማ

ሕፃናት ባንድነት ሲያዜሙ መስማት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ዜማው ለማን ጉሮሮ እንደሚስማማ ሳይመረመር የተመረጠ እንደ ሆነ ደስታው ቶሎ ወደ ጩኸት ይለወጣል። ስለዚህ መምህሩ ከዜማው ማማር አስቀድሞ የልጆቹ ድምፅ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ይመርምር።

የሕፃን ድምፅ ከጐልማሳ ወንድ ድምፅ ኦክታቭ በሚባለው ርቀት ያህል ከፍ ያለ ነው። መምህሩ ለራሱ በሚመቸው ዝቅተኛ ድምፅ ያስጀመረ እንደ ሆነ፥ ልጆቹ እርሱን እንመስላለን ሲሉ ድምፃቸው ታፍኖ ይቀራል። ድምፅዋ የጠራ አንዲት ተማሪ ራስዋን በሚመቻት ልክ እንድታወጣው ቢያደርግ ግን ነገሩ ይቃናል። ለጀማሪዎች ከታችኛው ድምፅ እስከ ላይኛው ከአንድ ኦክታቭ የማያልፍ ዜማ ይበቃል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ የብዙ ወንዶች ልጆች ድምፅ ይጐረንናል፥ አንዳንድ ጊዜም ይሰነጠቃል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ዳሩ ግን በጓደኞቹ ፊት የተሳቀበትና «አንተ ዝም በል» የተባለ ልጅ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ አፉን ለዝማሬ ሳይከፍት ይኖር ይሆናል። እንደዚህ ላለው ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ብቻ ያለበት ዝቅ ያለ የመቀበል ክፍል ይፈለግለት እንጂ ከማኅበሩ አይውጣ።

ከውጭ አገር ዜማ አምጥቶ የአማርኛ ቃል መግጠም የተለመደ ነው፤ ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቋንቋችን በመጥበቅና በመላላት ትርጕሙን ይለውጣል፤ «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፥ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። የሚጠብቀው ፊደል በፈጣን ድምፅ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ሰሚው ሌላ ነገር ይሰማል። መምህሩ ግጥሙን አስቀድሞ ያለ ዜማ ያንብበው፤ ቀጥሎም በዜማው ይበለው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ዜማውን ይተወው።

የሀንጋሪው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1925 ዓመት ጀምሮ ለሕፃናት መዘምራን ብዙ ዜማ ደርሷል። ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የገዛ አገሩን የገበሬ ዜማ ይማር ዘንድ አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ የሀንጋሪም ጥንታዊ ዜማ እንደ እኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለ ሆነ በርሱ ማስጀመርን ወደደ። የኛዎቹ አራቱ፥ ትዝታና ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ፥ ሁሉም ለልጅ እኩል አይቀሉም። ሜጀር በሚባለው ትዝታ ውስጥ ግማሽ ድምፅ የለምና፥ ተማሪዎቹ ሁለት ወገን ሆነው አንዱ ከጀመረ በኋላ ሌላው ጥቂት ቈይቶ ያንኑ ዜማ ቢከተለው ድምፆቹ ብዙም አይጋጩም። አንቺሆዬ ግን የለመደ ጆሮ ይፈልጋል፤ ይቈይ። ልዩ ልዩ ድምፅ አስተባብሮ ማዜም የፈረንጅ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር በጋሞ ደጋ ያሉትን ዶርዜዎች ይስማ።

ከሁሉ የሚሻለው ዜማ የሚገኘው ከአገሩ ሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ነው። የዘመን መለወጫውን አበባየሆሽ፥ የአጨዳውንና የውቂያውን ዜማ እነርሱ ያውቃሉ፤ አውጪና ተቀባይ ያለበት ስለ ሆነም ማንበብ ያልቻለ ልጅ እንኳ ወዲያው ይቀበላል። ክርስቲያንና ሙስሊም ባንድ ወንበር በሚቀመጡበት ተማሪ ቤት የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና መንዙማ እያንዳንዱ በየቦታው ይከበር፤ ለማኅበሩ ሁሉ የሚስማማው የሥራና የአገር ዜማ ነው። የልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሌላ በሆነበት አገር በዚያው ቋንቋ ያለው ይቅደም። ሽማግሌው ዜማውን በሚያወጡበት ጊዜ መምህሩ ቃሉን በደብተር ይጻፍ፤ ስንኙ ከመንደር መንደር ስለሚለያይም የተገኘበትን መንደር ስም ከጎኑ ያስፍር።