የሰውነታችን ጠባቂ፤ «ያዝ!» እና «ተው!»



በፊደል ክፍላችን አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው ጠየቁ። «ነቀርሳ የሚሉት ከውጭ የሚገባ ነው ወይስ ከራሳችን የሚወጣ? ከራሳችን ከሆነስ ሰውነታችን ስለምን ዝም ይለዋል?» አሉ። ጥያቄው ትልቅ ነው። መልሱን በቤት ውሻ እየመሰልን እንየው።

ጥሩ ውሻ ሦስት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ የቤቱን ሰው ከባዕድ በጠረኑ ይለያል። ሁለተኛ፣ ጌታው «ያዝ!» ሲለው ይነሣል። ሦስተኛ፣ «ተው!» ሲባል ይመለሳል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ውሻ ወይ ቤት አይጠብቅም፣ ወይ ቤተሰቡን ይነክሳል።

በደማችን ውስጥም እንዲህ ያሉ ጠባቂዎች አሉ። ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ከነዚህም ውስጥ የነጭ ደም ሕዋሶች ሥራቸው ጥበቃ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ከነሱ አንዱ ስለሆነው ስለ ቲ ሕዋስ ነው። ቲ ሕዋስ የሚወለደው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። የሚያድገውና የሚፈተነው ግን ከደረት አጥንት በስተኋላ ባለች ዕጢ ውስጥ ነው። እዚያ የገዛ አካልን የሚነክስ ሆኖ የተገኘው አብዛኛውን ጊዜ እንዲጠፋ ይደረጋል። አንዳንዱ ግን ከፈተናው ያመልጣል።

ቲ ሕዋስ አፍንጫም ጆሮም የለውም። በዚህ ፈንታ በገላው ላይ ተቀባይ የሚባሉ መልእክት መቀበያዎች አሉት። ቁልፍ ለልኩ ቀዳዳ እንደሚገባ፣ ለእያንዳንዱ ተቀባይም የሚገጥመው መልእክት አለ። አንዱ ተቀባይ እንደ አፍንጫ ሆኖ ባዕዱን ይለያል። ሌላው «ያዝ!» የሚለውን ይሰማል። «ተው!» የሚለውን የሚሰሙም አሉ። ከነዚህ ሁለቱ በጣም የታወቁ ሲሆኑ፣ ስማቸው ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 ይባላል። ስሙ ቢጠፋችሁ ግድ የለም፤ ሥራውን ያዙ።

ነቀርሳ እንዴት ያመልጣል?

ነቀርሳ ወይም ካንሰር የገዛ ሕዋሳችን ሥርዓቱን ለቆ ያለ ልክ ሲራባ የሚመጣ በሽታ ነው። ጠባቂዎቻችን እንዲህ ያለውን ሕዋስ ለይተው ሊገድሉት ይችላሉ። ግን አንዳንዱ ነቀርሳ ተንኮለኛ ነው። ሌባ የጌታውን ድምፅ አስመስሎ «ተው!» ቢል ውሻው ዝም አይልም? ነቀርሳውም ለፒዲ-1 የሚገጥመውን መልእክት በገላው ላይ ያወጣል። ቲ ሕዋሱ ከሌባው አጠገብ ቆሞ ሥራውን ይተዋል። እንግዲህ ለአባታችን ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው፤ ሰውነታችን ዝም የሚለው ተታሎ ነው።

ጠባቂው የራሱን ቤት ሲነክስ

ታዲያ «ተው!» የሚለውን የሚሰማ ባይኖርስ? በጃፓን አገር ታሱኩ ሆንጆ የሚባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ፒዲ-1ን አገኙ። በ1999 ደግሞ ይህ ተቀባይ የሌላቸውን አይጦች አጠኑ። የአይጦቹ ጠባቂዎች በገዛ መገጣጠሚያቸውና ኩላሊታቸው ላይ ተነሥተው ተገኙ።

በሰውም ላይ ጠባቂው በገዛ አካል ላይ የሚነሣበት በሽታ አለ። የጣት መገጣጠሚያዎች የሚያብጡበትና ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚሉበት አንድ ዓይነት ሕመም ከዚህ ይመደባል። ለምጽም እንዲሁ ነው። ለምጽ የሚወጣው ጠባቂዎቹ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሶች ሲያጠፉ ነው። እርግማን አይደለም፤ ቡዳም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለምጽ ካለበት ጎረቤት ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ምንም አያመጣም። ነገር ግን የነጣው ቦታ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በጤና ጣቢያ ይታይ። ሥጋ ደዌም ቢሆን በመድኃኒት ይድናል።

ጆሮውን መድፈን

አሜሪካዊው ሊቅ ጄምስ አሊሰንና ባልደረቦቻቸው በ1996 ሲቲኤልኤ-4ን የሚሸፍን ነገር ለአይጦች ሰጡ። ውሻው ሐሰተኛውን «ተው!» እንዳይሰማ ጆሮውን እንደ መድፈን ማለት ነው። የአይጦቹም ነቀርሳ ሟሸሸ። በዚህ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት በ2011 በአሜሪካ ለአንድ ክፉ የቆዳ ነቀርሳ ተፈቀደ። ፒዲ-1ን የሚሸፍኑት በ2014 ተከተሉ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2018 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ልብ በሉ፤ ጆሮው የተደፈነ ውሻ የእውነተኛ ጌታውንም «ተው!» አይሰማም። ስለዚህ መድኃኒቱን ከሚወስዱት አንዳንዶቹ አንጀታቸው ወይም ሳንባቸው ይቆጣል። የቆዳ ነቀርሳ ያለበት ሰው ለምጽ የሚያወጣበትም ጊዜ አለ። ያ ነቀርሳ የተነሣው ከቀለም ሰጪው ሕዋስ ስለሆነ ጠባቂው ሌባውንም የሌባውን ወንድምም አብሮ ነከሰ ማለት ነው።

በተቃራኒው ለመገጣጠሚያው ሕመም በ2005 በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት አለ። እሱ ከሲቲኤልኤ-4 ቁራጭ የተሠራ ሲሆን «ያዝ!» የሚለው ትእዛዝ ለጠባቂው እንዳይደርስ ይጋርዳል። ውሻውም ይበርዳል።

እነዚህ መድኃኒቶች እጅግ ውድ ናቸው፤ ሁሉንም ሕመምተኛ አያድኑም፤ ያለ ሐኪም ክትትልም አይወሰዱም። በገበያ ቀን «የሰውነትን ጠባቂ ያበረታል፣ ነቀርሳ ይነቅላል» እያለ ብልቃጥ ለሚያዞር ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ከጠባቂ የሚፈለገው ብርታት ብቻ አይደለም፤ ልክ ማወቅም ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በጡት ወይም በአንገት ላይ እብጠት ቢወጣ፣ ቁስል አልድን ቢል፣ ካረጡ በኋላ ደም ቢታይ፣ ሰው ያለ ምክንያት ቢከሳ፣ ሳትቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «አያመኝም» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ሌባው ቤቱን ሳይሞላ ቢያዝ መዳን ይቀላል።

ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። በለምጽ ምክንያት ከማኅበር የራቀ ሰው ካለም ጠርታችሁ ከአጠገባችሁ አስቀምጡት።