ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቤት ውስጥ ምን እናስተምር?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ በመላው ደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በየካቲት 2025ም በጁባ ተማሪዎች በሙቀቱ ራሳቸውን ስተው በመውደቃቸው በድጋሚ ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጅን ማስተማር የወላጅ ፋንታ ይሆናል።

ብዙ ወላጆች እኛን መምህራንን የሚጠይቁን «የአገራችንን መጽሐፍ ወይስ የዚህን አገር?» እያሉ ነው። የምንመክረው የዚህን አገር ነው። ልጁ 8ኛ ክፍልን ሲጨርስ የሚፈተነው በደቡብ ሱዳን ሥርዓተ ትምህርት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነውና። ከአገር ቤት በመጣ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ፣ ስሌቱን እያወቀ ጥያቄውን ማንበብ ሲያቅተው አይተናል። ይህ ሲባል ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋው ይቅር ማለታችን አይደለም። ክፍልፋይን በአማርኛ ወይም በአኙዋክኛ አስረድቶ መልመጃውን በእንግሊዝኛ ማሠራት ይቻላል። ለፊደልም በቀን ሩብ ሰዓት አይጠፋም።

ትምህርቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ ከ4 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ በሸራና በቆርቆሮ ሥር ልጅን ደብተር ላይ ማቆየት ትርፉ ድካም ነው (እኛም ጠመኔ እንደያዝን አንቀላፍተን እናውቃለን)። ልጁ ባይጠይቅም ውኃ ይሰጠው፤ ሽንቱ ከጠቆረ ውኃ አንሶታል ማለት ነው። ራሱን ካመመው ወይም ካዞረው ትምህርቱ ይቁም። ሰውነቱ ግሎ የሚቀባዥር ከሆነ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጥላ ሥር አስተኝታችሁ ልብሱን አውልቁለት፤ አንገቱንና ብብቱን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ውኃ አይሰጥም፤ ትን ሊለው ይችላል።