የ12 ዓመት ትምህርት፣ የጥቂት ቀናት ፈተና፦ የምዕራብ ሸዋ መምህራን የሚማረሩት በምንድን ነው?



በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግስት በየቤቱ፣ በየሻይ ቤቱና በየመስጂዱ በር ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «መምህራኑ ምን ሲሠሩ ነው የከረሙት?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ገዝቶ፣ ዩኒፎርም አሰፍቶ ልጁን የላከ ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው። እኛም በምዕራብ ሸዋ ዞን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዘን የቆምንባቸው ዓመታት ስለነበሩ ይህን ጥያቄ ከሌላኛው ወገን ሆነን ሰምተነዋል። ዛሬም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ከሚያስተምሩ የሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ስንገናኝ ወሬያችን ከዚሁ ፈተና አይርቅም። በዚህ ጽሑፍ ፈተናው እንዴት ዛሬ ያለበት ላይ እንደደረሰ፣ መምህራኑ በምን እንደሚማረሩና እኛ ወላጆች ምን ማድረግ እንደምንችል ለማስረዳት እንሞክራለን፣ ኢንሻአላህ።

ፈተናው እንዴት እዚህ ደረሰ?

ወደ 2008 እንመለስ። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ብዙም በማትርቀው ጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ መላ ኦሮሚያን አዳረሰ። በብዙ ቦታዎች ትምህርት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተቋረጠ። ተማሪዎቹ ያመለጣቸውን ትምህርት ሳያካክሱ መፈተን የለባቸውም የሚል ጥያቄ ቢነሳም ሰሚ አላገኘም። ግንቦት 22 ቀን ፈተናው ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተዘጋጁበት ፈተና ተሰርዞ ለሌላ ጊዜ ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም የመልስ ሽያጭ፣ በስልክ መልስ መላላክና በቡድን መሥራት እየተለመደ መጣ። በአንዳንድ ቦታ መልሱን የሚያቀብለው ጠባቂ ሆኖ የተመደበው ሰው ራሱ ነበር። ይህን ለማስቆም ትምህርት ሚኒስቴር ከ2014 ጀምሮ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየተቀመጡ እንዲፈተኑ አደረገ።

ውጤቱ አገር ያስደነገጠ ነበር። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በ2015 ቁጥሩ 27,267 ወይም 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በ2017ም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ግማሹን ነጥብ አላገኘም።

መምህራኑ ኩረጃ ይመለስ አላሉም

አንድ ነገር አስቀድሞ ግልጽ ይሁን። የምናውቃቸው መምህራን ፈተናው በመጥበቁ አይደለም የሚማረሩት። እንዲያውም ብዙዎቹ «ቢያንስ አሁን እውነቱን አየነው» ይላሉ። በዲናችንም ማጭበርበር ቀልድ አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው ያወገዙት ተግባር ነው። በኩረጃ የተገኘ ውጤት የሌላውን ልጅ ቦታ መንጠቅ ነው፤ አማናን መብላት ነው።

የመምህራኑ ብሶት ሌላ ነው። ፈተናው ልጁ መውደቁን ይናገራል፤ የት ቦታ እንደወደቀ ግን አይናገርም። ዝም ስለሚልም ተጠያቂው መጨረሻ ላይ የያዘው መምህር ይሆናል።

አንዱን ተማሪ ከአንደኛ ክፍል ጀምረን እንከተለው

በ2014 በመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ፈተና የተቀመጠ፣ ክፍል ያልደገመ አንድ የምዕራብ ሸዋ ልጅ እናስብ።

አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ነው። በ1986 በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪ አይወድቅም ነበር፤ በተከታታይ ምዘና እየተደገፈ ያልፍ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ለያዘ መምህር እያንዳንዱን ልጅ አስነብቦ፣ ድክመቱን መዝግቦ መደገፍ ከባድ ነው። ስለዚህ ምዘናው ቀርቶ ማለፉ ብቻ ተረፈ። ማንበብ ያልቻለው ልጅ አራተኛ ክፍል ደረሰ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለ 2008 መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አሥረኛ ክፍል ሲደርስ፣ በመጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። በዞኑ አንዳንድ ወረዳዎች ደግሞ በጸጥታ ችግር የተነሳ መምህሩም ተማሪውም በሰላም ወደ ክፍል መግባት ያልቻሉባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ይህ ልጅ 12ኛ ክፍል የሚያስተምረው መምህር ዘንድ የሚደርሰው እነዚህን ሁሉ ክፍተቶች ተሸክሞ ነው። መምህሩ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የዓመቱን ትምህርት ይጨርስ ወይስ የስድስተኛ ክፍልን ክፍልፋይ ያስተምር? ሁለቱንም ቢጀምር ሁለቱንም አይጨርስም። ፈተናው ግን በአዲስ አበባ ሙሉ ቤተ ሙከራ ባለው የግል ትምህርት ቤት ለተማረውም፣ ለእሱም አንድ ነው።

የቋንቋው ሸክም

በኦሮሚያ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በአንዳንድ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የሁሉም ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ብሔራዊ ፈተናውም እንዲሁ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለልጅ ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ መሸጋገሪያው ነው። ባዮሎጂን በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ አንድ ክረምት አልፎ ሲመለስ ያንኑ ትምህርት በማያውቀው ቋንቋ ይጠብቀዋል።

አማርኛ የሚናገሩ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ላይ ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ማታ መድረሳ ዐረብኛ፣ ከዚያም እንግሊዝኛ። ሦስት የተለያዩ ፊደላት። በቁቤ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል «ጥ» ተብሎ ይነበባል፣ «ሲ» ደግሞ «ጭ»፤ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እነዚያው ፊደላት ሌላ ድምፅ አላቸው። ልጅ ይህን ሁሉ መያዝ ይችላል፤ አላህ ለሕፃናት ትልቅ ችሎታ ሰጥቷል። ነገር ግን የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል።

አንዲት ተማሪያችንን አንረሳትም። ጁዝ ዐማን የሐፈዘች፣ አንዴ የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ነበረች። በልምምድ ፈተና የባዮሎጂ ጥያቄ ተሳሳተች። ጥያቄውን በአፋን ኦሮሞ ደግመን ስንነግራት ሳትጨርሱልኝ ብላ መለሰችው፤ ምክንያቱንም ጨምራ። የጎደላት የባዮሎጂ እውቀት አልነበረም። በብሔራዊ ፈተናው ግን ጥያቄውን የሚያስረዳት ሰው የለም። ሳታልፍ ቀረች። ከወራት በኋላ ስንሰማ ፓስፖርት አውጥታ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድበትን መንገድ እያፈላለገች ነበር።

ቁጥር ብቻ የሚመለስለት መምህር

በዚያው ዓመት ከምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ አላለፈም። ስብሰባ ተጠራ። «ለምን ዜሮ ሆነ?» ተባልን። እኛም ጠየቅን፦ ልጆቹ በየትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የተሳሳቱት? በስሌት ነው ወይስ በንባብ? መልስ የሚሰጠን አልተገኘም፤ እጃችን ላይ የነበረው የየተማሪው ነጥብ ብቻ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የምርመራ ውጤቱ «ታማችኋል» የሚል ብቻ ቢሆን ምን ትላላችሁ? የሚቀጥለውን ዓመት እቅድ ያዘጋጀነው በግምት ነበር።

ሌላም አለ። ፈተናው በሙሉ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው መልስ ይመርጣል እንጂ አንድ አንቀጽ አይጽፍም። ጫናው ሲበዛ ክፍሉም ይህንኑ ይመስላል። ድርሰት ማጻፍ፣ ሙከራ ማሳየት፣ ልጆችን ማከራከር ይቀርና ያለፉ ዓመታት ወረቀቶችን መሸምደድ ይተካል። የመጻፍ ችሎታ ሳይኖረው ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ደግሞ እዚያ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል።

ከሸይኾቻችን የደርስ ሥርዓት

በአገራችን በወሎና በጅማ የታወቁት የደርስ ቦታዎች ለዘመናት ያስተማሩበትን መንገድ እናስታውስ። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸይኹ ፊት ይቀመጣል፤ ያነባል፤ ሸይኹ ያርመዋል። የዛሬውን ካልያዘ ወደ ነገው አይሻገርም። ኢጃዛ የሚሰጠውም ያስተማረውና ያዳመጠው ሸይኽ ራሱ ነው። እዚያም ፈተና አለ፤ ነገር ግን በየቀኑ ነው፤ ስህተቱም በተገኘበት ቦታ ይታረማል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሚሊዮኖችን ስለሚያስተምር ሙሉ በሙሉ እንዲህ ሊሆን አይችልም። አገር አቀፍ ፈተናም ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ቦታ ውስን ስለሆነ ለሁሉም እኩል የሆነ መለያ መኖሩ ለድሃው ልጅም መከላከያ ነው፤ ያለዚያ ቦታው በዝምድና ይከፋፈላል። መምህራኑ የሚጠይቁት ከመጨረሻው ፈተና በፊት ሌሎች ምዘናዎች በትክክል እንዲሠሩ ነው፦ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ንባብ አንድ በአንድ እንዲታይ፣ 9ኛ ክፍል ሲገቡ የእንግሊዝኛ መሸጋገሪያ ጊዜ እንዲሰጥ፣ የብሔራዊ ፈተናው ውጤትም በየትምህርት ዓይነቱና በየምዕራፉ ተተንትኖ ለትምህርት ቤቶች እንዲመለስ።

እኛ ወላጆች ምን እናድርግ?

*ጥያቄውን መስከረም ላይ እንጠይቅ።* ውጤት ሲወጣ መጮህ ለዚያ ልጅ አይጠቅመውም። ትምህርት ሲጀመር ትምህርት ቤት ሄደን «ልጄ ማንበብ ላይ እንዴት ነው? የትኛው ትምህርት ይከብደዋል?» ብለን እንጠይቅ። በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የሙስሊም ወላጆች ወንበር ባዶ መሆን የለበትም። በዞኑ በቁጥር አናሳ መሆናችን ከስብሰባ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም።

*የሁለተኛ ክፍል ልጃችንን እናስነብብ።* ከመግሪብ እስከ ዒሻ ካለው ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ራሳችን ባናነብ እንኳ መንተባተቡን ጆሯችን ይለየዋል። ልጅ ቁርአን ሲቀራ ስህተቱን ለማስተካከል የምንታገሰውን ያህል ለትምህርት ቤት መጽሐፉም እንታገስ።

*መስጂዶቻችንና መድረሳዎቻችን ያግዙ።* በከተሞቹ ያሉ መድረሳዎች ቅዳሜና እሑድ ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ሁለት ሰዓት ቢለቁ፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች ቢያስጠኑ ብዙ ወጪ የለውም። ጠመኔ፣ ሰሌዳና ኒያ ነው የሚጠይቀው። ጎረቤት የሆነ ሙስሊም ያልሆነ ልጅም ቢመጣ በሩ ክፍት ይሁን።

*ያላለፈውን ልጅ አንጣለው።* ለዩኒቨርሲቲ ነጥቡ ትንሽ ለጎደላቸው በ2015 የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል፤ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛም አለ። በተለይ ሴት ልጅ ፈተና በወደቀች ማግስት ትዳር ወይም ስደት ብቻ እንደቀራት ሆና ልትታይ አይገባም።

መምህሩንም በደግ ቃል እናግኘው። ደመወዙ የወር አስቤዛ የማይሞላለት፣ በክፍሉ ስልሳ ልጅ የሚጠብቀው፣ ውጤት ሲወጣ ብቻ የሚታወስ ሰው ነው። የሰነፈ መምህር የለም አንልም፤ አለ፤ እሱም ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመቱን ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ዐድል አይደለም።

ልጆቹ የሁላችንም አማና ናቸው። ያቺ ተማሪያችን ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስነብቧት፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባም አንድ ሰው መሸጋገሪያውን ደግፏት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረሰች ነበር እያልን እናስባለን። ዘንድሮ በአምቦም ሆነ በጊንጪ ሦስተኛ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ግን ገና ዘጠኝ ዓመት አላት።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት የሚያገኙ ያድርጋቸው፤ ለሚያስተምሯቸውም ምንዳቸውን ያብዛላቸው። ኣሚን።